ለክረምቱ የተራራ ሩጫ እንዴት እንዘጋጅ?

(የማኅበራችን የስፖርት ክፍል በካዛንቺስ ባደረገው ስብሰባ ላይ ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የተሰጠ ንግግር)



የስፖርቱ ክፍል ጸሐፊ ይህን ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ፣ «አንተ ባለፈው ክረምት ስለ ወጣህ ልምድ አለህ» ብሎኝ ነበር። ልምድስ አለኝ። ነገር ግን ልምዴ የሚያስመካ ስላልሆነ፣ ዛሬ የምናገረው እንደ አሠልጣኝ ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ መሆኑን አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው በመጪው ነሐሴ 8 ቀን ከመስቀል አደባባይ ተነሥተን፣ በካዛንቺስ፣ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አልፈን እንጦጦ ማርያም እንወጣለን፤ ከዚያም በጀርባው ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወርደን በመጣንበት እንመለሳለን ተብሎ ታስቧል። ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ስለ ሆነ፣ ከዚያ የሚበልጠውን ሩጫ ሁሉ አልትራ ማራቶን ይሉታል። እስከ ትናንት ድረስ ስማቸውን ያስመዘገቡት 38 ተማሪዎች ናቸው፤ ከነዚህም 9ኙ እኅቶቻችን ናቸው። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት «ተሳታፊዎች ይዘው የሚመጡት» በሚለው ሥር የተጻፈው ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጫማና ካናቴራ። እኔ ልናገር የመጣሁት ስለዚህ ወረቀት ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ዓርብ ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እኔና አሥር ጓደኞቼ በዚሁ መንገድ ወጥተን ነበር። መሪው እኔ ነበርሁ። ማንም አልሾመኝም፤ አሳቡ የእኔ ስለ ነበረ ሁሉም የሚያየው ወደ እኔ ነበር እንጂ። ዝግጅታችሁ ምን ነበር ቢባል፣ ለሁለት ወር ያህል በየማለዳው ከዑራኤል ወደ ካዛንቺስ በሚያወጣው ዳገትና በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ መሮጥ ነበር። በዚያው ዓመት አሮጌው የካዛንቺስ ሰፈር አብዛኛው ፈርሶ የብዙዎቻችን ቤተሰቦች ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል፤ ቢሆንም ከሩቅ በታክሲ እየመጣን በድሮው ሰፈራችን ዳገት መለማመዱን አልተውንም። ስለዚህ እግራችን በእውነት ጠንክሮ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ «የዝናብ ልብስ እንያዝ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ሸክም ነው፤ ስንሮጥ እንሞቃለን» ብዬ የመለስሁት እኔ ነኝ።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ካፊያ ጀመረ። እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ጭጋጉ ወርዶ ዐሥር እርምጃ ወዲያ ያለ ሰው አይታይም ነበር፤ ሁላችንም እስከ ቆዳችን ርሰናል። እዚያ ላይ አንድ ጓደኛችን እጁን እያሻሸ ቀረበኝና፣ «ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ፤ እዚህ ላይ ብንመለስስ?» አለኝ። እኔም በሁሉ ፊት፣ «የአበበ ቢቂላ አገር ልጅ ካፊያ ይፈራል እንዴ?» አልሁት። ሁሉም ሳቀ። እሱም ከእኛ ጋር ሳቀና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በመንገዱ ሁሉ ስለ ብርድ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ያን ዝምታ ብርታት መስሎኝ ነበር።

ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ነፋሱ ከፊት ለፊት መጣ። ሜዳው ውኃ ጠጥቶ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል። ሦስት ሰዓት ሲሆን በረዶ ጣለ። እኛም ፈርተን ለመመለስ ፊታችንን ስናዞር፣ ያ ጓደኛችን ከሁላችንም ኋላ ቀርቶ አገኘነው። የጫማው ክር ተፈትቶ ለማሰር ቢሞክር ጣቱ እንቢ አለው። ሲናገር እንደ ሰካራም ቃሉ ይያያዛል። ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ግን መንቀጥቀጡን ተወ። ይህን ስናይ ደስ አለን! «ተመስገን፣ ተሻለው፤ ሞቀው» ተባባልን። ቀጥሎም፣ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ በጭቃው ላይ ተቀመጠ።

በዚያ ሰዓት ነው ገሳ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን እየነዱ የመጡልን። የተናገሩን በኦሮምኛ ነበር። ከዐሥራ አንዳችን መካከል ኦሮምኛ የሚያውቅ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ባይኖር ኖሮ ምን እንደምንል አላውቅም። አባባ ልጁን አንድ ጊዜ ተመለከቱትና ያሉት ቃል ሲተረጐምልን፣ «ይህ ልጅ እየተኛ አይደለም፤ እየሄደ ነው፤ አንሡት» የሚል ነበር። ተሸክመን ወደ ቤታቸው ገባን። ባለቤታቸው እርጥብ ልብሱን አስወልቀው፣ በደረቅ ጋቢና በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከእሳቱ ራቅ አድርገው አስቀመጡት፤ መዋጥ ሲችል ለብ ያለ የገብስ አጥሚት በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ፣ «የት ነው ያለሁት?» ብሎ ጠየቀ። እንጦጦን ከወረድን ጀምሮ ያለውን አንዳችም አያስታውስም።

ይህን እንድናገር የፈቀደልኝ እሱ ራሱ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥም ተቀምጧል፤ ስሙን ግን አልጠራም።

ከዚያ ቀን በኋላ ብዙ ጊዜ ያሰብሁት ስለ አበበ ቢቂላ የተናገርሁትን ቃል ነው። አበበ በሮም ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። እኛ ከዚህ ታሪክ ያስቀረነው ባዶ እግሩን ብቻ ነው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ለተወለደ ሰው ዝግጅት አያስፈልገውም የሚል ትምህርት ያገኘንበት ይመስል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ ከስዊድናዊው አሠልጣኝ ከኦኒ ኒስካነን ጋር በሥርዓት የተለማመደ ሰው ነበር። በባዶ እግር መሮጥም ለእሱ የለመደው ነገር ነበር፤ አዲሱ ጫማ አልመች ቢለው የለመደውን መረጠ እንጂ በዕለቱ አዲስ ነገር አልሞከረም። የሩጫውንም መንገድ አስቀድሞ ተመልክቶ፣ በዚያን ጊዜ በሮም ቆሞ የነበረው የአክሱም ሐውልት ከመጨረሻው አቅራቢያ መሆኑን አይቶ፣ ከዚያ ላይ ፍጥነት እንዲጨምር ተመክሮበት ነበር። ይህ ሁሉ ዝግጅት ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን በሜክሲኮ የሆነው ነው። በቶኪዮ በ1957 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ካሸነፈ በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰለፍ እግሩ ታሞ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ሩጫውን ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አሸንፎ ወርቁ ለኢትዮጵያ ሆነ። እንግዲህ ሁለት ጊዜ የዓለም አሸናፊ የሆነ ሰው በዓለም ፊት ማቋረጥ ካላሳፈረው፣ እኔ ጓደኛዬን በእንጦጦ ላይ ያሳፈርሁት በማን ስም ነው? በአበበ ስም መሆኑ ጥፋቴን ያብሰዋል።

ክረምት ካለፈ በኋላ የሌላውን አገር ሁኔታ ለማወቅ አንዳንድ ነገር አነበብሁ። በቻይና ጋንሱ በሚባለው ክፍለ ሀገር ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. 100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ተደርጎ 172 ሰዎች ተሰልፈው ነበር። በድንገት ዝናብ፣ በረዶና ብርቱ ነፋስ መጣባቸው። ብዙዎቹ የለበሱት ቁምጣና ካናቴራ ነበር፤ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት መያዝ ግዴታ አልነበረም። 21 ሰዎች ሞቱ። ከሞቱትም መካከል ልያንግ ጂንግ የሚባለው በአገሩ ከታወቁት የረጅም ርቀት ሯጮች አንደኛው ነበር። ስለዚህ እግሩ ስላልጠነከረ አልሞተም። በዚያ ተራራ ላይ ዡ ከሚንግ የሚባል አንድ እረኛ ስድስት ሯጮችን ወደ ዋሻ አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ አዳናቸው። ይህን ሳነብ የሱሉልታው አባባ በዓይኔ መጡብኝ። ልዩነታችን እኛን ሽማግሌው በጊዜ ማግኘታቸው ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚወጣ ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል እንመልከት። በእንግሊዝ አገር ፔናይን ዌይ በሚባለው ገላጣ የተራራ መንገድ በጥር ወር፣ ማለት በእነሱ ክረምት፣ 431 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሩጫ አለ። የሚፈቀደው ጊዜ ሰባት ቀን ነው፤ በዚያ ወራት ሌሊቱ 16 ሰዓት ያህል ስለሚረዝም አብዛኛው መንገድ በጨለማ ይኬዳል። የመኝታ ከረጢት፣ የዝናብ ልብስ፣ ካርታ፣ ኮምፓስና ምድጃ ሳይቀር በጀርባ መሸከም ግዴታ ነው። በ2011 ዓ.ም. ይህን ሩጫ በ83 ሰዓት ከ12 ደቂቃ የፈጸመችውና ወንዶቹን ሁሉ የቀደመችው ጃስሚን ፓሪስ የምትባል ሴት ናት። ያን ጊዜ የምታጠባ ሕፃን ነበረቻት፤ በማረፊያዎች ላይ ጡቷን እያለበች ቀጠለች። ሸክም ያስዘገያል ብዬ ለተናገርሁት ለእኔ ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም።

አንዳንዶቻችሁ፣ «የእኛ ክረምት ከእንግሊዝ ጋር ምን ያገናኘዋል? በእንጦጦ ውኃ አይረጋም» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንዲህ ብዬ ነበር። ብርድ ግን ለመግደል ውኃ እስኪረጋ አይጠብቅም። የሰው ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ35 በታች ሲወርድ አደጋ ይጀምራል። ከመስቀል አደባባይ እስከ እንጦጦ ጫፍ ከፍታው 700 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ አየሩም በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ ካዛንቺስ ላይ ደህና የነበረው ማለዳ እንጦጦ ላይ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ውኃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀትን ይወስዳል። ነፋስ ሲጨመርበት፣ ደክሞት ሩጫውን ወደ እርምጃ የለወጠ ሰው የሚያወጣው ሙቀት የሚያጣውን አይተካም። ምልክቶቹም እኛ ያየናቸው ናቸው፤ መንቀጥቀጥ፣ ጣት አለመታዘዝ፣ መሰናከል፣ ቃል መያያዝ። መንቀጥቀጡ ሰውየው ሳይሞቅ ሲቆም ሰውነቱ ትግሉን ተወ ማለት ነው። እኛ የተደሰትነው በዚያ ነበር።

እንግዲህ ወደ ዝግጅቱ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ እግር። ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ረጅም መንገድ እንሂድ፤ ርቀቱንም በጥቂት በጥቂቱ እንጨምር እንጂ በአንድ ሳምንት እጥፍ አናድርገው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ዳገት መውጣቱን ሁላችንም እንለማመዳለን፤ ጉልበትን የሚጨርሰው ግን ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ከካዛንቺስ ወደ ዑራኤል መውረዱን እንደ ልምምድ እንቁጠረው። ብርቱ ዳገት ላይ በእርምጃ መሄድ ነውር አይደለም። በጀርባችን የምንይዘውን ዕቃም በልምምዱ ጊዜ እንሸከመው፤ ከረጢቱ ትከሻ የሚልጥ መሆኑን የምናውቀው ካዛንቺስ ላይ ይሁን እንጂ ሱሉልታ ላይ አይሁን።

ሁለተኛ፣ ስለ ልብስ። የጥጥ ካናቴራ አንዴ ከራሰ በቀላሉ አይደርቅም፤ ከሥጋ ጋር ተጣብቆ ሙቀት ይመጠምጣል። ሱፍ ግን ርሶም ቢሆን ጥቂት ያሞቃል። የመንዝ ሰዎች ለደጋው ብርድ ባናና ዝተት ከበግ ጠጉር የሚሠሩት፣ እረኛውም በክረምት ገሳ የሚለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ሙቀት ይይዛል፣ ሌላው ውኃ ይመልሳል። እኛም የሚያስፈልገን ይኸው ነው፤ ከውስጥ ቀጭን የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ልብስ፣ የሱፍ ኮፍያና ጓንት፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ቅያሪና ካልሲ። ሹራቡ ከሳልባጅ ተራ በርካሽ ይገኛል። ባትሪና ፊሽካ ይጨመርበት፤ ስልክም ከውኃ ይጠበቅ።

ሦስተኛ፣ ስለ ስንቅ። አባቶቻችን ሩቅ መንገድ ሲነሡ በሶና ቆሎ ይቋጥሩ ነበር። ዛሬም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፤ አይበላሽም፣ ቀላል ነው፣ እየሄዱ ይበላል። ባለፈው ዓመት ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበር። ያ ጓደኛችን ጾመኛ ስለ ነበረ ከኀሙስ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ጥፋቱ የጾሙ አይደለም፤ ማን እንደሚጾም ሳልጠይቅ በጾም ቀን 50 ኪሎ ሜትር የጠራሁት የእኔ ነው። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ለመሞቅ የሚያነደው እንጨት የለውም። ዘንድሮ የተቆረጠው ነሐሴ 8 ቀንም በዚያው ጾም ውስጥ ዓርብ ቀን መዋሉን የስፖርቱ ክፍል የተመለከተው አይመስለኝም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ስለ መመለስ ነው። ጫማ ይገዛል፤ ሹራብ ይለመናል። «ልመለስ» ማለት ግን በጓደኞች ፊት ይከብዳል። ተማሪ ፈተና ላይ እንኳ ጥያቄ አልገባኝም ብሎ እጁን ማውጣት ያፍራል። ስለዚህ ይህን ለእያንዳንዱ ሰው ድፍረት ልንተወው አይገባም፤ አስቀድመን ደንብ ልናደርገው ያስፈልጋል። ደንብ ከሆነ የሚመለሰው ደንቡን ፈጸመ እንጂ ፈራ አይባልም።

በነዚህ ምክንያቶች የሚከተለውን ለጉባኤው አቀርባለሁ።

1. ቀኑ ከነሐሴ 8 ወደ ቅዳሜ ነሐሴ 23 ይዛወር። ያን ጊዜ ፍልሰታ ተፈትቷል፤ ክረምቱ ግን ስላልወጣ የተራራው ሩጫ ያው የክረምት ሩጫ ነው።

2. የግዴታ ዕቃዎች ዝርዝር ይጻፍ። በዋዜማው ማታ እዚሁ ካዛንቺስ አንድ በአንድ ይታይ፤ ያልያዘ ሰው አይነሣ፤ አዘጋጅም ቢሆን።

3. አራት አራት ሆነን እንሂድ፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ከአራቱ የዘገየው ይሁን። በተቻለ መጠን በየቡድኑ ኦሮምኛ የሚያውቅ ሰው ይኑር። የምናልፍበት አገር ሰው ያለበት አገር ነው፤ ችግር ሲመጣ ቀድሞ የሚደርስልን የዚያ አገር ገበሬ ነውና።

4. እንጦጦ ማርያም ላይ፣ በሄድንበትም ሆነ በተመለስንበት ጊዜ፣ ከአራቱ አንዱ «እንመለስ» ካለ አራቱም ይመለሱ። ምክንያት አይጠየቅ፤ ድምፅ አይሰጥበት፤ ቀልድም አይነገርበት።

ስለ ገንዘቡ የሚነሣውን ጥያቄ አውቃለሁ። ከተማሪ ኪስ የዝናብ ልብስ አይወጣም ትላላችሁ። እውነት ነው። ይሁን እንጂ የማኅበሩ ስም የታተመበት ካናቴራ ለሁሉም ለማሠራት የተያዘ ገንዘብ መኖሩ በባለፈው ስብሰባ ተነግሮናል። ያ ገንዘብ ለዝናብ ልብስ ይዋል። ለሌላቸው ተማሪዎች በውሰት ይሰጥና ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጥ። ፎቶግራፍ ስንነሣ ባንመሳሰል ምንም አይደለም።

ባለፈው መስከረም እኔና ያ ጓደኛዬ አባባንና ባለቤታቸውን ልናመሰግን ወደ ሱሉልታ ሄደን ነበር። በዚያን ጊዜ ጥቂት ቃል ኦሮምኛ ተምሬ ሄድሁ። አባባ ተቀብለው አስተናገዱንና፣ «በዚያ ዝናብ ወዴት ትሮጡ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። «ወደ የትም፤ ልንመለስ ነበር» ብዬ በተሰባበረ ቃል መለስሁላቸው። ከልባቸው ሳቁ። «እንግዲያስ ቶሎ መመለስ ምን ከለከላችሁ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ጓደኛዬ ዘንድሮ ስሙን ከሁሉ በፊት አስመዝግቧል። የመጀመሪያው መስመር ላይ የምታዩት ስም የእሱ ነው። እኔ አሳቤ ተቀባይነት ካገኘ ስሜን አስመዝግቤ ከመጨረሻው ቡድን ጋር ከኋላ እሄዳለሁ። ተቀባይነት ካላገኘ ግን አልወጣም፤ ሌላውም እንዳይወጣ በየክፍሉ እየዞርሁ እለምናለሁ። ይህን የምለው ሩጫውን ጠልቼ አይደለም፤ ሁላችንም በሰላም ተመልሰን በመስከረም ትምህርት እንድንጀምር ስለምፈልግ ነው።